የቪቪቲ ቫልቭ ሳይፈተሽ አይገዛ

ጅማ ውስጥ ቪትዝ ወይም ኮሮላ የሚነዳ ሰው ቼክ ኢንጂን ሲበራበት የሚሰማው ምክር ያው ነው፦ «የቪቪቲ ቫልቩ ሄዷል፤ ከአዲስ አበባ አስልክ።» ይህ ቫልቭ በመኪናው ኮምፒውተር ትእዛዝ የሞተር ዘይት ወደ ካምሻፍቱ (የሞተሩን የአየርና የጭስ በሮች ወደሚከፍተው ዘንግ) ማርሽ እየላከ ካምሻፍቱን ትንሽ ያስቀድማል ወይም ያዘገያል። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ ዕቃ ከመታዘዙ በፊት፣ ጋራዥ ውስጥ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ኮዱ ፒ0011 ነው፤ ስለዚህ ቫልቩ ነው»

ኮዱ፣ ማለትም በመመርመሪያ መሣሪያ ከኮምፒውተሩ የሚነበበው የብልሽት ቁጥር፣ የሚለው ካምሻፍቱ ከታዘዘው በላይ ቀድሟል ነው። ለምን እንደቀደመ አይናገርም። ዘይቱ ቆሽሾ ወይም ጎድሎ፣ ቫልቩ ተጣብቆ፣ ማርሹ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚመለከተው ፒ0010 ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ማየት ምንም አያስከፍልም።

«ኦሙ ልክ ከሆነ ቫልቩ ደህና ነው»

ሰውን የሚያሳስተው በተለይ ይሄ ነው። ኦም በቴስተር የሚለካ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው። «ጋሼ፣ ሰባት ኦም ነው፤ ምንም አልሆነም» ይባላሉ። እውነት ነው፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ6.9 እስከ 7.9 ኦም ይጠበቃል። ግን ቴስተሩ የሚነግርዎ የውስጡ ሽቦ አለመቆረጡን ብቻ ነው። ዘይቱን የሚከፍትና የሚዘጋው ዘንግ በጥቀርሻ ተጣብቆም ኦሙ ልክ ይሆናል።

ስለዚህ ቫልቩ ይፈታ። በካርቡሬተር ክሊነር ታጥቦ በእጅ ተይዞ፣ ከባትሪ በሁለት ሽቦ 12 ቮልት ለአንድ ሁለት ሰከንድ ይሰጠው። ከዚያ በላይ አያቆዩት፤ ይግላል። በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ሲያዩ ዘንጉ ፈንጠር ብሎ መሄድ፣ ሽቦው ሲነሳ ደግሞ በስፕሪንጉ ወዲያው መመለስ አለበት። መሃል ላይ ከቀረ ወይም እየተጎተተ ከተመለሰ፣ አዎ፣ ያኔ ይቀየር። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰምቶ «ይሠራል» ማለት ግን አይበቃም። ዘንጉ ሙሉ መንገዱን ሳይሄድም ቀጭ ይላል።

«ሶኬቱ ተነቅሎ ሞተሩ ካልተለወጠ ቫልቩ ሞቷል»

የተገላቢጦሽ ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ የመግቢያውን ካምሻፍት አያስቀድመውም፤ ስለዚህ ሶኬቱ ቢነቀል ለውጥ አለመኖሩ ጤና ነው። ፈተናው ሌላ ነው። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ፣ ሶኬቱን ነቅለው ቫልቩን በቀጥታ 12 ቮልት ይስጡት። ሞተሩ መንቀጥቀጥ ወይም መጥፋት አለበት። ምንም ካልተለወጠ ችግሩ ከቫልቩ፣ ከዘይት መንገዱ ወይም ከማርሹ ነው። ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ፣ የሚዞረው የሞተሩ ቀበቶም እንዳይጎትታቸው ይጠንቀቁ።

«ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል»

ለ5ደብሊው-30 (ቀጠን ላለ ዘይት) በተሠራ ሞተር ውስጥ ወፍራሙ 20ደብሊው-50 ሲጨመር፣ በተለይ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ዘይቱ በቀጫጭኖቹ ቀዳዳዎች ቶሎ አያልፍም። የመኪናው መጽሐፍ የሚለውን ያድርጉ።

«አዲስ ቫልቭ ከገባ አለቀ»

በብዙ ቶዮታዎች ላይ ከቫልቩ በፊት፣ ከአንድ ብሎን ኋላ የተደበቀች ትንሽ የዘይት ወንፊት አለች። እሷ ከተደፈነች አዲሱ ቫልቭም ዘይት አያገኝም። ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም። አውጥተው ይጠቧት፤ ከተቀደደች ይቀይሯት፣ ምክንያቱም ቁርጥራጯ ሄዶ አዲሱን ቫልቭ ያጣብቀዋል። ዘይትና የዘይት ፊልትሮም አብረው ይቀየሩ።