አኒማል ሞዴል ምንድን ነው? የተተከለ ኩላሊት ሪጀክሽን አይጥ ላይ ሲጠና

ጳውሎስ ሆስፒታል በፈረንጆቹ 2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከጀመረ ወዲህ "ሪጀክት እንዳያደርገው" የምትለዋ አባባል እኛም ጋ ገብታለች። ነገሩ ሲጀመር ቀላል ነው፣ ሰውነት የራሱ ያልሆነውን ሥጋ ለይቶ ያውቀዋል፣ ካወቀው ደግሞ እንደ ጀርም ቆጥሮ ያጠቃዋል (ሪጀክሽን የሚሉት ይሄንን ነው)፣ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚዋጠውም ለዚሁ ነው። ከባዱ ጥቃቱ ውስጥ ለውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ነው፣ ምክንያቱም ከአንድ ታካሚ ኩላሊት በየቀኑ በመርፌ ናሙና እየወሰዱ መቀጠል አይቻልም፣ መድኃኒቱን ከልክሎ "እስቲ ምን ይሆናል" ማለትማ ጭራሽ። ስለዚህ ጥያቄው ወደ እንስሳ ይዞራል። ሰው ላይ የሚደርሰውን ችግር እንስሳ ላይ ሆን ብሎ ፈጥሮ መከታተል፣ አኒማል ሞዴል ማለት ይሄው ነው።

የተጀመረው በውሻ ነው። አሌክሲስ ካሬል (የደም ስር እንዴት እንደሚሰፋ ያሳየው፣ 1912 ላይ ኖቤል የወሰደው ሰውዬ) የውሻን ኩላሊት አውጥቶ ለዛው ውሻ መልሶ ሲተክልለት ይሠራል፣ ከሌላ ውሻ አምጥቶ ሲተክል ግን ሳይቆይ ይበላሻል። ስፌቱ አንድ፣ እጁም አንድ፣ እና ጥፋቱ የስፌቱ አይደለም ማለት ነው። 1954 ቦስተን ላይ እነ ጆሴፍ ሙሬይ ከአንዱ መንታ ወደ ሌላኛው መንታ የተከሉት ኩላሊት የሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ተመሳሳይ መንታ ስለሆኑ ሰውነቱ እንግዳ መምጣቱን እንኳ አላወቀም። መንታ ለሌለውስ? 1960 ላይ ሮይ ካልን አንድ የሉኪሚያ መድኃኒት ለውሾች እየሰጠ የተተከለው ኩላሊት ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ አሳየ፣ አዛታዮፕሪን የሚባለው የሪጀክሽን መከላከያ መድኃኒት የመጣው ከዛ መስመር ነው።

አሁን ግን አብዛኛው ሥራ አይጥ ላይ ነው። አማርኛ ትንሿንም ትልቁንም አይጥ ነው የሚለው፣ እኔ ትንሿን ማውስ ትልቁን ራት ልበል (የማታውን ራት አይደለም)። የላብራቶሪ ማውሶች እህትና ወንድም ቢያንስ ለ20 ትውልድ እየተዳቀሉ የመጡ ስለሆኑ የአንድ ዘር ማውሶች ሁሉ እርስ በርስ እንደ መንታ ናቸው። በዛው ዘር ውስጥ ኩላሊት ብትሰጣጣ ምንም የለም፣ ከነጯ ዘር ወደ ጥቁሯ ሲሄድ ግን ጠቡ ይጀመራል። ማን ከማን ጋር እንደሚጣላ አስቀድሞ መምረጥ ትችላለህ፣ አንድ ጂን አጥፍተህ "ያለሱ ጠቡ ይቀጥላል ወይ" ብለህ መጠየቅም ትችላለህ፣ ይሄን ሰው ላይ በምን ታደርገዋለህ?

ቀዶ ጥገናው ግን ጉድ ነው። ማውሷ ራሷ 25 ግራም አካባቢ፣ ኩላሊቷ ከባቄላ ፍሬ ታንሳለች፣ ቀዳጁ በማይክሮስኮፕ እያየ ከፀጉር በቀጠነ ክር የኩላሊቱን ደም ስሮች ሆዷ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ደም ስሮች ጋር ይሰፋል፣ ከዛ የሽንት ቱቦውን ከፊኛዋ ጋር ያገናኛል። ሲያልቅ የራሷን ሁለቱንም ኩላሊቶች ያወጣሉ። ጭካኔ ይመስላል፣ ግን የራሷ አንዱ እንኳ ከቀረ እሱ ሥራውን ስለሚሸፍን የተተከለው መሞቱን ማንም አያውቅም። አሁን ሕይወቷ በተተከለው ላይ ስለሆነ ደሟ ውስጥ ክሬአቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ከጨመረ ኩላሊቱ እየደከመ ነው ማለት ነው፣ ልክ ሐኪም ቤት ለሰው እንደሚለካው። ኩላሊቱን ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ደግሞ ቲ ሴሎች (እንግዳን ለይተው የሚያጠቁ ነጭ የደም ሴሎች) ሽንት የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቱቦዎች ግድግዳ ውስጥ ተሰግስገው ይገኛሉ፣ ከሰው ኩላሊት በሚወሰድ ናሙና (ባዮፕሲ) ላይም የሚፈለገው ምልክት ይሄው ነው።

እዚህ ጋ ደስ የሚል ጣጣ አለ። በአንዳንድ የዘር ጥምረት ማውሷ የመጣላትን ኩላሊት ያለምንም መድኃኒት ትቀበለዋለች! ከዛው ለጋሽ ዘር ልብ ሲተከል ግን ትገፋዋለች። ኩላሊቱ ውስጥ ጠብ አብራጅ የሆኑ ቲ ሴሎች ይሰበሰባሉ፣ እነሱን ስታጠፋቸው ሪጀክሽኑ ይመጣል። በጣም ቆንጆ ግኝት ነው፣ ግን "ማውስ ላይ ሠራ" የሚል ዜና ሳይ ቶሎ የማልደሰተው በዚሁ ምክንያት ነው፣ የማውስ ኩላሊት ሲፈጥረው ይቅር ባይ ነው። በዛ ላይ የላብ ማውስ ንጹህ ቤት ያደገች ናት፣ የእኛ ቲ ሴሎች ግን በጉንፋኑም በምኑም ስንት ጦርነት አይተው የደነደኑ ናቸው።

ሲዲ 154 የሚባለውን፣ ቲ ሴሎች ጥቃቱን ለማስነሳት የሚጠቀሙበትን ሞለኪውል የሚዘጋውን አንቲቦዲ (ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) እዩት። ማውስ ላይ ድንቅ ነበር፣ 1999 ላይ ዝንጀሮ መሰል እንስሳት (ሬሰስ) ላይ የተተከለ ኩላሊትን ለረጅም ጊዜ ሲያቆይ ታየ፣ ሁሉም "በቃ ተገኘ" አለ። ሰው ላይ ሲሞከር ግን ደም መርጋት መጣና ሙከራው ቆመ። አንቲቦዲው በጭራው በኩል የሚይዘው ተቀባይ የሰው ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ላይ አለ፣ ማውስ ላይ የለም፣ እና ማውሷ የሌላትን ነገር እንዴት ብላ ታስጠንቅቅ?

መድኃኒቱ ግን ሞቶ አልቀረም፣ ጭራውን ቀይረው መልሰው አመጡት። መጋቢት 2024 (በነሱ አቆጣጠር) አሜሪካ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ውስጥ 69 ቦታ ጂኑ የተስተካከለ የአሳማ ኩላሊት ለአንድ የ62 ዓመት ሰው ሲተከል፣ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ይሄው የተሻሻለው ነበር። በስምንተኛው ቀን አካባቢ የቲ ሴል ሪጀክሽን መጣ፣ ታከመና ተመለሰ። ሰውዬው ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ አረፈ፣ ምክንያቱ ግን ልቡ ነበር፣ አስከሬኑ ሲመረመር ኩላሊቱ ላይ ሪጀክሽን አልተገኘም።