ምትክ አድራሻ፦ ከጥቃት የሸሸ ሰው ቤቱን በሕግ የሚሰውርበት መንገድ

አንዲት ሴት ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ አሜሪካ ውስጥ ሌላ ከተማ ቤት ተከራየች እንበል። ሳምንት ሳይሞላ ወረቀት ይከተላታል። መንጃ ፈቃድ ለመቀየር አድራሻ ትጠየቃለች። ልጇን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ፣ መብራት ለማስገባት፣ ለምርጫ ለመመዝገብም እንደዚሁ። ከእነዚህ መዝገቦች አንዳንዶቹ ለማንም ጠያቂ ክፍት ናቸው። የሰው አድራሻ እየለቀሙ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡ ድርጅቶችም አሉ። ሰውዬው ጥቂት ዶላር ከፍሎ ደጇ ላይ ሊቆም ይችላል።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ከወጡት ሕጎች ዋነኛው የአድራሻ ምስጢር ጥበቃ ፕሮግራም ይባላል። መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 የዋሽንግተን ስቴት ነው፤ ዲሲ ማለቴ አይደለም፣ ሲያትል ያለችበት ስቴት ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ስቴቶች ተመሳሳይ ፕሮግራም አላቸው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ፣ ሜሪላንድና ሚኒሶታ፣ «ሴፍ አት ሆም» ይሉታል። ማን እንደሚያስተዳድረው ከስቴት ስቴት ይለያያል። በሜሪላንድ የስቴቱ ዋና ጸሐፊ ቢሮ ነው። ድንበሩን ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ግን የዋና ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ይሆናል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። መንግሥት ለተመዝጋቢዋ የራሱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያበድራታል። ይህ ምትክ አድራሻዋ ይሆናል፤ እሱን የያዘ መታወቂያ ካርድም ይሰጣታል። የስቴቱና የከተማው መሥሪያ ቤቶች «የት ነው የምትኖሪው?» ሲሏት ካርዱን ታሳያለች። እነሱም በመዝገባቸው ላይ ያንኑ ያሰፍራሉ። ደብዳቤዋ ፖስታ ሣጥኑ ጋ ይደርሳል። ትክክለኛ ቤቷን የሚያውቁት የፕሮግራሙ ሠራተኞች ተቀብለው ይልኩላታል። የፍርድ ቤት መጥሪያ እንኳ ለእነሱ ሲደርስ ለእሷ እንደደረሰ ይቆጠራል። አገልግሎቱ ነፃ ነው። አብረዋት የሚኖሩ ልጆቿም መመዝገብ ይችላሉ። ለሴት ብቻ የተሠራም አይደለም፤ የተደበደበ ወንድም፣ በሚያሳድድ ሰው የተጨነቀም፣ የተደፈረም ሰው ይገባበታል።

ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በሠለጠነ የተጎጂዎች ድጋፍ ሠራተኛ በኩል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፕሮግራሙ የሚጠቅመው በቅርቡ ለተዛወረ ወይም ሊዛወር ለተዘጋጀ ሰው ነው። ሰውዬው የሚያውቀውን ቤት ምትክ አድራሻ አይሰውረውም። ድሮ የተመዘገበን መረጃም አይፍቅም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ትልቅ ዋጋ አለው። አዲሱን አድራሻ ለባንክ፣ ለስልክ ድርጅትና ለመንጃ ፈቃድ ቢሮ ከሰጡ በኋላ መመዝገብ እጅግ የደከመ ጥበቃ ነው።

ሌሎች ጎዶሎዎችም አሉት። ደብዳቤው በቀናት ይዘገያል። ዕቃ የያዘ ጥቅል ብዙ ጊዜ አይተላለፍም። ዋሽንግተን ውስጥ የግል ድርጅት ምትክ አድራሻውን እንዲቀበል ሕግ አያስገድደውም፤ ሚኒሶታ ግን የግሉንም ታስገድዳለች። ቤት መግዛት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። የንብረት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ በስሟ የተገዛ ቤት አድራሻዋን አደባባይ ያወጣዋል። ከመፈረም በፊት ፕሮግራሙንና ጠበቃ ማማከር ይገባል።

ከፌዴራል ሕጎች አንዱ የመጣው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ርብቃ ሼፈር የተባለች ወጣት ተዋናይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተገደለች። ገዳይዋ አድራሻዋን ያገኘው በግል መርማሪ አማካይነት ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ነበር። በ1994 ኮንግረስ እነዚህ መዝገቦች ለማንም እንዳይሰጡ የሚገድብ ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው ትልቁ ሕግም ጸደቀ። ከእሱና ከኋላ ማሻሻያዎቹ የተነሳ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠሩ መጠለያዎች የተጎጂን ማንነት ያለ ፈቃዷ አሳልፈው መስጠት አይችሉም።

ለእኛ ሰው በጣም የሚጠቅመው ግን የ1996ቱ የኢሚግሬሽን ድንጋጌ ይመስለኛል። በትዳር የመጣች ስንቷ ሴት «ወረቀትሽ በእጄ ነው» ስትባል ትኖራለች! የባል ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ላይ የተንጠለጠለች ሚስት፣ ጥቃት ከደረሰባት በ1994ቱ የሴቶች ጥቃት ሕግ መሠረት ያለ እሱ እርዳታ በራሷ ስም ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ትችላለች። ለእሱ ማስታወቂያ አይላክም። በ1996ቱ ድንጋጌ ደግሞ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማመልከት አለማመልከቷንም ሆነ የምትኖርበትን ቦታ እንዳይነግረው በሕግ ተከልክሏል። በማመልከቻው ላይም ደኅንነቱ የተጠበቀ ሌላ የፖስታ አድራሻ መስጠት ይቻላል።

የልጆች አሳዳጊነት ክርክር ሌላው አደገኛ በር ነው። የፍርድ ቤት ፎርሞች ልጁ የሚኖርበትን ቦታ ይጠይቃሉ፤ ቅጂው ደግሞ ለተከራካሪው ይደርሳል። በአብዛኞቹ ስቴቶች፣ አድራሻው ከታወቀ አደጋ እንዳለ በመሐላ የገለጸ ወላጅ መረጃው እንዲታሸግ ማድረግ ይችላል። ዳኛው ግን አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው እንዲገለጥ ማዘዝ ይችላል። ዝም ብሎ ፎርሙን ሞልቶ ከመስጠት በፊት ማመልከት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ሕግ የሚጠብቀው ወረቀትን ነው። በሐበሻ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን አድራሻ በሰው አፍም ይጓዛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሲያትል ውስጥ አንድ ሰው የት እንደገባ ለማወቅ የመንግሥት መዝገብ አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን፣ ዕድር፣ ፀጉር ቤት፣ አንድ የክርስትና ቪዲዮ ይበቃል። ሽማግሌዎች ለማስታረቅ ሲደውሉ በቅን ልቦና «አሁን የት ነሽ?» ይላሉ። መልሱ በማግስቱ ሰውዬው ጋ ይደርሳል። ምትክ አድራሻ ያላት ሴት ያንን ቁጥር ለዘመድም ብትሰጥ ነውር የለበትም። እናት «ደኅና ናት» ብላ መመለሷም መዋሸት አይደለም።

አገር ቤት ይህን የመሰለ ፕሮግራም የለም። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን መሰወርንና የመኖሪያ ቦታ መቀየርን ይፈቅዳል፤ የተዘጋጀው ግን ለከባድ ወንጀሎች ምስክሮች ነው። እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር ያሉ ድርጅቶች መጠለያ ይሰጣሉ። የቤቶቹን ቦታ የሚሰውሩት ግን በዋናነት በራሳቸው ጥንቃቄ ነው፤ በር ላይ ስም አይጻፍም።

አሜሪካ ላለ ሰው መነሻው የብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር ነው፤ 1-800-799-7233። እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረ ሲሆን ቀንም ሌሊትም በአስተርጓሚ ያነጋግራል። ሲደውሉ በእንግሊዝኛው «አምሃሪክ» ማለት ይበቃል። የሚደወለው ግን ሰውዬው ከማያየው ስልክ ቢሆን ይመረጣል፤ የጋራ ሒሳብ ላይ ያለ ስልክ የተደወለበትን ቁጥር ቢሉ ላይ ሊያወጣው ይችላል።