የጎማ ባላንስ ምንድን ነው?

አዲሷ መኪናዬ ከተማ ውስጥ ስትሄድ እንከን አልነበረባትም። በአዳማው የፍጥነት መንገድ 90ን ስታልፍ ግን መሪው እጄ ላይ መንዘር ጀመረ፤ የላስቲክ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቀር ይርገበገብ ነበር። የተበላሸ መኪና የሸጡልኝ መስሎኝ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ነገሩ ግን የ35 ግራም ጉዳይ ነበር።

ጎማ ክብ ቢሆንም ክብደቱ ዙሪያውን እኩል አይደለም። ላስቲኩ አንዱ ቦታ ላይ ትንሽ ይወፍራል፤ ላስቲኩ የሚገጠምበት ቸርኬም ነፋስ መሙያው ጋ ይከብዳል። መኪናው ቀስ ሲል ይህ አይታወቅም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ግን የአንዲት አነስተኛ መኪና ጎማ በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል። ያኔ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለች 30 ግራም ትርፍ ክብደት ጎማውን 5 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ትጎትተዋለች፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ሰፈር ውስጥ ምንም አይሰማም።

ባላንስ ማለት ይህን ትርፍ ከተቃራኒው ጎን በሌላ ክብደት ማካካስ ነው። ጎሚስታው ጎማውን ከነቸርኬው ፈትቶ ማሽን ላይ ያስረዋል፤ ማሽኑ አሽከርክሮ ከውስጥም ከውጭም ስንት ግራም እንደሚጎድል ያሳያል። ከዚያ ትንሽ ብረት ይለጠፋል፣ ወይም ጠርዙ ላይ በመዶሻ ይመታል። ቸርኬው ላይ የደረቀ ጭቃ ሳያራግፍ የሚጀምር፣ ብረቱን ለጥፎም ዜሮ መድረሱን ዳግም አሽከርክሮ የማያይ ሠራተኛ ጋ እኔ አልመለስም።

ብዙ ሰው ባላንስን ከአላይመንት ጋር ያምታታል። አላይመንት የጎማዎቹ አቅጣጫ ነው፤ ሲዛባ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ጎማውም በአንድ ጠርዙ ይበላል። የሚነዝረው መሪው ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው፤ ወንበሩ ከሆነ የኋላዎቹ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ይታይ።

አዲስ መኪና ወደብ ላይ ለሳምንታት ሲቆም መሬት የነካው የጎማው ጎን ጠፍጠፍ ስለሚል እሱም ንዝረት ያመጣል። ይህ ብዙውን ጊዜ ጥቂት አስር ኪሎ ሜትሮች ተነድቶ ጎማው ሲሞቅ ይቃናል፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ትንሽ መንዳት ነው።

የእኔ አልተቃናም። የግራው የፊት ጎማ ሲፈታ ከፋብሪካ የተለጠፈው ብረት ወድቆ፣ ቸርኬው ላይ የሙጫው ምልክት ብቻ ቀርቶ ነበር።