ልመዝገብ ወይስ ልፈተን? ስለ ክሌፕ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ማታ እየሠራሁ ኮሌጅ ተመዘገብኩ። የሳይኮሎጂ መግቢያ ወሰድኩ። ከፈልኩ፣ አራት ወር በአውቶቡስ ተመላለስኩ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ አብራኝ የምትሠራ ልጅ «እኔ እኮ እሱን በአንድ ጠዋት ተፈትኜ ነው የገላገልኩት» አለችኝ። ክሌፕ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ንዴቴን ተዉት።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ አዝማድ ሲደውል ጥያቄው ያው ነው፦ መጀመሪያ ልመዝገብ ወይስ ልፈተን? አብረውት የሚመጡት ስህተቶችም ያው ናቸው።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ክሌፕ ኮርሱን ክፍል ገብቶ ከመማር ይልቅ ፈተና አልፎ የኮሌጅ ክሬዲት ማግኛ ነው። የሚያዘጋጀው ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ባለቤት የሆነው ድርጅት፣ ኮሌጅ ቦርድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1967 ጀምሮ አለ። 34 ፈተናዎች አሉት፤ አብዛኞቹ 90 ደቂቃ ይወስዳሉ። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ነው፤ ለብዙ ኮሌጆች 50 ይበቃል። አንዱን ማለፍ በአብዛኛው 3 ክሬዲት ያስገኛል፣ አንዳንዱ 6። ባችለር ዲግሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ሆኖ፣ መፈተኛ ጣቢያው የራሱን ይጨምርበታል።

«ካለፍኩ ኮሌጅ ገባሁ ማለት ነው»

ይህ ከማትሪክ ይዘነው የመጣነው ሐሳብ ነው። አገር ቤት ፈተናው ራሱ በር ነው፤ ነጥብ ከመጣ ምደባ ይከተላል። ክሌፕ ግን ማንንም የትም አያስገባም። ማመልከቻው ለብቻው ነው። በሌላ በኩል፣ ለመፈተን የማንም ኮሌጅ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ውጤታችሁ ኮሌጅ ቦርድ ዘንድ ለ20 ዓመት ይቀመጣል።

«እንግዲያው ሁሉንም ተፈትኜ ልጨርስና ከዚያ ኮሌጅ እፈልጋለሁ»

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። ኮሌጅ መምረጥና ኮሌጅ መመዝገብ ሁለት ነገር ናቸው። ምዝገባው ሊቆይ ይችላል። ምርጫው ግን ከመጀመሪያው ፈተና በፊት መሆን አለበት።

ምክንያቱም ክሬዲቱን የሚሰጠው ኮሌጅ ቦርድ ሳይሆን ኮሌጁ ነው። ከ2,900 በላይ ኮሌጆች ክሌፕን ይቀበላሉ፤ እያንዳንዱ ግን በራሱ ሕግ ነው። አንዱ 50 ሲበቃው ሌላው ለአንዳንድ ፈተና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንዱ 30 ክሬዲት ላይ «በቃ» ይላል። እነ ሃርቫርድ ጭራሽ አይቀበሉም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ኒው ጀርሲ ያለው ቶማስ ኤዲሰን፣ ኒው ዮርክ ያለው ኤክሴልሲየር እና ኮኔቲከት ያለው ቻርተር ኦክ የሚባሉ ኮሌጆች አሉ። ሦስቱም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ ላሉ አዋቂዎች ተብለው የተቋቋሙ ናቸው፤ አብዛኛውን ዲግሪ ከውጭ በመጣ ክሬዲት መሙላት ይፈቅዳሉ። እነሱም ቢሆኑ ራሳቸው ዘንድ ካልተወሰዱ የማይሆኑ ኮርሶች አሏቸው።

ደግሞ «ይቀበላል» ማለት «ለዲግሪዬ ይጠቅመኛል» ማለት አይደለም። ነርሲንግን እንውሰድ፤ ከእኛ ሰው ስንቱ ነው እሱን የሚያስበው! ክሌፕ የባዮሎጂ ፈተና አለው፣ ላብራቶሪ ግን የለውም። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ የሚባል ክሌፕ ጭራሽ የለም። ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች ደግሞ በሳይንስ ውጤት ያወዳድራሉ፤ ክሌፕ ክሬዲት እንጂ ኤ ወይም ቢ አይሰጥም። ስለዚህ ነርስ መሆን የሚፈልግ ሰው፣ ፕሮግራሙ ከፈቀደለት፣ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂን ይፈተን። ለሳይንሱ ግን ቶሎ ቢመዘገብ ይሻለዋል። ቢዝነስ ለሚያጠና ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግ፣ ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስ ክሌፕ አላቸው። እሱ ምዝገባውን ቢያቆይ ብዙም አይጎዳም።

ብዙ ኮሌጆች ድረ ገጻቸው ላይ የክሌፕ ሠንጠረዥ ያወጣሉ፦ የትኛው ፈተና፣ በስንት ነጥብ፣ በየትኛው ኮርስ ፋንታ። እሱን ከዲግሪው መስፈርት ጎን አስቀምጡትና የሚገጥሙትን አክብቡ። ያከበባችሁትን ተፈተኑ። የቀሩት የክፍል ኮርሶች ብቻ ሲሆኑ ተመዝገቡ። በጣም መቆየትም ግን ዋጋ አለው፤ የዲግሪው መስፈርት በአብዛኛው የሚጸናው በገባችሁበት ዓመት ካታሎግ፣ ማለትም የኮሌጁ የኮርስና የደንብ መዝገብ ነው። ሁለት ዓመት ስትፈተኑ ከርማችሁ ዝርዝሩ ቢቀየር የሚሰማችሁ የለም።

«ከተመዘገብኩ በኋላ መፈተን አይቻልም»

ብዙ ቦታ ይቻላል። ግን ቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቅ አለ። የመጨረሻዎቹን 30 ክሬዲቶች «እዚሁ ውሰዱ» የሚልም አለ። ከፍ ያለውን ኮርስ ከወሰዳችሁ በኋላ መግቢያውን በፈተና ላሟላ ብትሉም ላይቆጥሩላችሁ ይችላሉ። አድቫይዘራችሁን ጠይቁ፤ መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ። በቃል የተሰጠ «ችግር የለም» ሲመረቁ አይገኝም።

«ክሬዲት እስከሆነ ድረስ ፋይናንሻል ኤይዱም (የትምህርት ገንዘብ ድጋፉም) ይቆጥረዋል»

አይቆጥረውም። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል በሴሚስተር 12 ክሬዲት ያስፈልጋል። 9 በክፍል ወስዳችሁ 3 በክሌፕ ብታገኙ፣ ፔል ግራንት ለሚባለው የመንግሥት የትምህርት ድጎማ 9 ናችሁ፤ ገንዘቡም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በኤፍ ዋን (በተማሪ) ቪዛ ያለ ሰውማ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ ለሱ 12ቱ የሕጋዊነት ጉዳይ ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቀላሎቹን ሁሉ በፈተና ከጨረሳችሁ፣ የሚቀሩት አንዱ ካላለቀ ሌላው የማይጀመር ኮርሶች ይሆናሉ። ያኔ ለዲግሪው የሚቆጠር 12 ክሬዲት በአንድ ሴሚስተር መሙላት ያቅታል። በኤይድ የሚማር ሰው ሁለት ሦስት ቀላል ኮርስ ለክፍል ቢያስቀር አይጎዳም።

ፔል ግራንት የፈተናውን ክፍያ አይሸፍንም። ሞደርን ስቴትስ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ግን በነፃ እያስተማረ፣ ኮርሱን ለጨረሰ ሰው የክሌፕ ክፍያ ቫውቸር ሲሰጥ ቆይቷል።

«ብወድቅ ሪከርዴ ይበላሻል»

አይበላሽም። ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። ሦስት ወር ጠብቆ እንደገና መፈተን ነው።

«ሌላው ቢቀር አማርኛዬን ተፈትኜ 6 ክሬዲት አገኛለሁ»

በክሌፕ አይሆንም። የቋንቋ ፈተናዎቹ ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ብቻ ናቸው። አክትፍል የሚባለው የቋንቋ መምህራን ድርጅት የቃል ፈተና ግን በአማርኛም አለ። ክሬዲት ይሰጡበት ወይም የቋንቋ ግዴታውን ያንሱላችሁ እንደሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁን ጠይቁ። ፈተናው በስልክ ከአንድ ሰው ጋር ማውራት ነው። ለእሱስ እኛ ልምምድ አያንሰንም።