የአንድ ስኒ ቡና 130 ሊትር ውሃ የት ገባ?

ፒያሳ ቁጭ ብለን የምንጠጣት አንዲት ስኒ ቡና የውሃ አሻራዋ፣ ማለትም ከእርሻ እስከ ስኒ የሚያስፈልጋት ውሃ በሙሉ፣ 130 ሊትር ገደማ ነው ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ጀበናው ውስጥ የገባው እኮ በጣም ትንሽ ነው! ቀሪው በአብዛኛው የቡና ዛፉ ሲያድግ የጠጣው ነው። ይህን አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2002 ያስተዋወቁት የኔዘርላንዱ ተመራማሪ አርየን ሁክስትራ ናቸው።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ያሳስታል። አፈር ውስጥ የሰረገው የዝናብ ውሃ አረንጓዴ ይባላል። ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ የተወሰደው ሰማያዊ ነው። ብክለትን ለማቅለል የሚያስፈልገው ደግሞ ግራጫ። ከፋ ውስጥ በዝናብ የበቀለ ቡና አሻራው በአብዛኛው አረንጓዴ ነው፤ ያ ዝናብ ቡና ባይተከልም ይዘንብ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሸት ቡና የታጠበበት ውሃ ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ ነው። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ጉዳቱ ከባድ ነው።

የካርቦን አሻራ ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ምርት ወደ አየር የሚያስለቅቃቸው ምድርን የሚያሞቁ ጋዞች ድምር ነው። የሚለካው በኪሎ ወይም በቶን ነው፤ ሚቴንን የመሳሰሉ ጋዞችም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝረው ይደመራሉ። የጀበናው ከሰል ይቆጠራል፣ ማኪያቶ ከሆነም ወተቱ።

ሥነ ምህዳራዊ አሻራ ደግሞ የምንጠቀመውን ለማምረትና የምንለቀውን ካርቦን ለመምጠጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚያስፈልግ ያሳያል፤ በመሬት ስፋት፣ በዓለም አቀፍ ሄክታር (ምርታማነቱ የዓለም አማካይ በሆነ ሄክታር) ይለካል። ካርቦኑን ለመምጠጥ የሚያስፈልገው ደን እዚያ ውስጥ ስለሚገባ ይህንንና የካርቦን አሻራን መደመር አንዱን ነገር ሁለቴ መቁጠር ነው።

«አሻራው ዝቅተኛ ነው» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የትኛው አሻራ እንደሆነ ጠይቁ። ከየት እስከ የት እንደተቆጠረም፦ ከእርሻው ጀምሮ ነው ወይስ ከቡና መቁያው?