«መስኮቱን ዝጊው፣ ልጆቹን ብርድ ይመታቸዋል» እና ሌሎች የትምህርት ቤት ተረቶች

የትምህርት ቤት ነርስ ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ከኬጂ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ልጆች በሙሉ «ሲስተር» ይሉኛል። የሥራዬ ግማሽ ቁስል ማጠብና ትኩሳት መለካት ነው። ግማሹ ክርክር ነው። ክርክሩ ደግሞ በየዓመቱ ያው ነው፤ ሰዎቹ ብቻ ይቀያየራሉ። ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ትንንሾቹን በቶሎ ላሳልፋቸው።

«የታመመ ዓይን ካየሽ ይይዝሻል።» በማየት አይያዝም። የሚያዛምተው እጅ፣ ፎጣና መሀረብ ነው። ጥቁር መነጽር ያደረገው ልጅ ዓይኑን ባሸበት እጁ እርሳስ ካዋሰ መነጽሩ ምንም አልፈየደም። ጡት ወተትም፣ የሻይ ውሃም፣ ከጎረቤት የተረፈ ጠብታም ዓይን ውስጥ አይገባም።

«የወፍ በሽታ የያዘው የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋ ነው።» ወፏን ተዉአት። ዓይንን ቢጫ የሚያደርጉት በሽታዎች ብዙ ናቸው። ትምህርት ቤት ውስጥ የምንሰጋው ሄፓታይተስ ኤ ግን ከሽንት ቤት ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ምሳ ዕቃ ነው የሚሄደው።

«ቅማል የቆሻሻ ቤት ምልክት ነው።» ንጹሕ ፀጉርም ላይ ይወጣል። ልጆች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሲጫወቱ ይሻገራል፣ በቃ። እባካችሁ ነጭ ጋዝ አትቀቡ። አንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ የራስ ቆዳዋ ተላልጦ መጥታብኝ ያውቃል። ቅማሉ ግን እንዳለ ነበር።

«ቆረቆር በቅባት ይድናል።» አይድንም። ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ገብቷል፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ሁለት ቀን ቀብታችሁ ፀጉር ቤት አትላኩት።

«ክፍሉን በባሕር ዛፍ ብናጥነው ጀርሙ ይሞታል።» ይሄ የሕዳር 12 ውርስ ይመስለኛል። በ1911 ዓ.ም. የሕዳር በሽታ አዲስ አበባን ከጨረሰ ጀምሮ በየዓመቱ ቆሻሻ እያቃጠልን ሕዳር ሲታጠን እንላለን። ታሪኩ የሚከበር ነው። ጭሱ ግን ቫይረስ አያጠፋም። አስም ያለበትን ልጅ እኔ ክፍል ያስገባዋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው። መስኮት።

ጠዋት 2 ሰዓት ክፍሎቹን ዞሬ መስኮት እከፍታለሁ። 3 ሰዓት ስመለስ ተዘግቷል። ማን ዘጋው? ረዳት መምህርቷ። ለምን? «ሲስተርዬ፣ ልጆቹን ብርድ ይመታቸዋል።» ከኋላዋ አርባ የሚጠጋ ልጅ ተደርድሯል። ግማሹ ያስላል። መስታወቱ በትንፋሽ ደፍርሶ አንዱ ልጅ በጣቱ ስሙን ጽፎበታል። አንድ ክፍል ውስጥማ መስኮቱ በሚስማር ተመትቶ አግኝቻለሁ። ወላጅ አመልክቶ ነው አሉኝ።

ነገሩን ከሚኒባስ ታክሲ ነው ያመጣነው። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። ከኋላ ያሉት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «ልጄ፣ ዝጋው» ይላሉ። በዚህና በዚያ በኩል ያለው ሁለቱም ከተከፈተ ደግሞ ያው ሞት ነው። የሚገርመው፣ የጤና ባለሙያ «ክፍልን እንዲህ አናፍሱ» ብሎ የሚመክረው ልክ ያንን ነው፤ ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን ከፍቶ አየሩ እንዲያልፍ ማድረግ።

ጉንፋን የሚይዘው ከሰው ነው። ጉንፋን ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያወራ፣ መዝሙር ሲዘምር ከአፉና ከአፍንጫው ጠብታ ይወጣል። ትልልቁ ቶሎ ይወድቃል። ረቂቁ አየር ላይ ይንሳፈፋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲጠራቀም ይውላል፤ ልጆቹም ያንኑ ሲስቡ ይውላሉ። «ታዲያ በሕዳርና በታኅሣሥ ለምን ይበዛል?» ትሉኛላችሁ። ሲበርድ ዘግተን ስለምንጠጋጋ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ለአንዳንዱ ቫይረስ ይመቸዋል፤ እሱን አልክድም። ግን ቫይረሱን ይዞ የሚመጣ ሰው ከሌለ ብርድ ብቻውን ጉንፋን አይፈጥርም። ልጁ ከበረደው ሹራብ ይልበስ። ዩኒፎርሙ ሹራብ አለው እኮ! ከፍላችሁበታል።

ኮሮና ያስተምረናል ብዬ ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ስንከፍት ፈረቃ መጣ፣ ማስክ መጣ፣ በር ላይ ግንባር ላይ የሚደገን የሙቀት መለኪያ መጣ። መስኮት ክፈቱም ተባለ። ከሁሉም ዋጋ የማይጠይቀው እሱ ነበር። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የተረፈን ልጆች ቦርሳ ላይ የተንጠለጠለች የሳኒታይዘር ብልቃጥ ናት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ትምህርት ላይ እያሉ ቢያንስ የላይኛውን መስኮት በሁለቱም በኩል ክፈቱ። በእረፍት ሰዓት ሁሉንም ከበሩ ጋር ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ብርድ የማይችለውን ልጅ ከመስኮቱ አርቁት። ፀሐይ ካለ ንባቡን፣ መዝሙሩን ግቢ ውስጥ አድርጉት። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ለዚህ ይመቻል።

የመስኮቱ ነገር ከጉንፋን ያልፋል። ቀድሞ በሠራሁበት ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ለወራት ስታስል ከረመች። «ብርድ ነው» ተባለ። ዝንጅብል ተቀቀለላት፣ ማር በነጭ ሽንኩርት ተሰጣት። በኋላ ስትመረመር ሳንባ ነቀርሳ ሆነ። ሕክምና ጀምራ፣ ሐኪሟ ፈቅዶላት ሥራ ስትመለስ የመምህራን ክፍል ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። የእሷ ስኒ ከሌላው ተለይቶ እጀታው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብቷል። መስኮቱ ግን ዝግ ነው።

ሳንባ ነቀርሳ በስኒ አይተላለፍም። በማንኪያም፣ በመጨባበጥም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። የሚተላለፈው በአየር ነው። ተገቢውን መድኃኒት በትክክል የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ማስተላለፉን ያቆማል። ስኒዋ ሲቀባ እሷ ወር አልፏት ነበር። አደገኛው ጊዜ ያለ መድኃኒት የምታስልበት፣ ሁሉም «ብርድ ነው» የሚልበት ጊዜ ነበር። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳላችሁ አክታችሁን አስመርምሩ። መደበኛው ሕክምና ስድስት ወር ነው፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያም በነፃ ነው።

ሌላው ደም የሚያፈላኝ፦ «ሽሮፕ ሰጥቼዋለሁ፣ አሁን ደህና ነው።»

ፓራሲታሞል ትኩሳት ያወርዳል። በሽታውን አያወርድም። የሚሠራው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል የተሰጠው ልጅ 5 ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ምጣድ ግሎ ይመጣልኛል። እስከዚያ አጠገቡ የተቀመጡትን ሁሉ አዳርሷል። ወላጅ ጋ እደውላለሁ። «እኛ ቤት ምንም አልነበረውም፣ እናንተ ጋ ነው የያዘው።» ልጁ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል። «ማሚ ጠዋት የእንጆሪውን ሽሮፕ ሰጥታኛለች» ይለኛል። ልጅ ምስጢር አይጠብቅም፤ ይሄን እወቁ።

ችግሩ ይገባኛል። ሠራተኛዋ ሄዳለች፣ አለቃ አይፈቅድም፣ የሚድ ፈተና ነው። ፈተናው ግን በሌላ ቀን ይሰጣል፤ ካልሰጡ ከዳይሬክተሩ ጋር ተከራከሩ፣ እኔም አግዛችኋለሁ። ደንቡ ቀላል ነው። ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ትኩሳት ሳይኖረው ከዋለ ካደረ ይምጣ። የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠውም ቤቱ ይቆይ።

ከሽሮፑ ቀጥሎ አሞክሳሲሊን አለ። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ ቫይረስ አይነካም። የሚያሳዝነው፣ ለጉንፋን የሚያባክኑት ቤተሰቦች ለጉሮሮው ይዘናጋሉ። «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ይሉታል። ሳል የለውም፣ ንፍጥ የለውም፣ ግን ትኩሳት አለው፣ ምራቅ መዋጥ ያቅተዋል፣ አንገቱ ሥር አብጧል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ይታይ። አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም ከባክቴሪያ የሚመጣ ነው። በወጉ ካልታከመ የልብ በር (ቫልቭ) የሚያበላሸውን የሩማቲክ የልብ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። አገራችን ውስጥ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ ልጆች ያሉት በዚህ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ሌላ አያመጣም።

«ኩፍኝ መርፌ አይወድም» የሚለውም አልሞተም። ልጁን ጨለማ ክፍል አስተኝተው፣ ቡና አፍልተው፣ ጤና ጣቢያ ሳይወስዱት ይቆያሉ። ኩፍኝ ሳንባ ምችና ተቅማጥ ያስከትላል፣ ዓይንም ሊያጠፋ ይችላል። ጤና ጣቢያ ቫይታሚን ኤ የሚሰጡት በምክንያት ነው። ትምህርት ቤቶችም ሌላ ስህተት አለባቸው፤ ሽፍታ የወጣበትን ልጅ ቤት ልከው ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ኩፍኝ ሽፍታው ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ይተላለፋል፤ ከወጣም በኋላ እስከ አራት ቀን። ልጁ ክፍሉን ለቆ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። በልጁ ሽፍታ ስትደነግጡ ክፍሉ በሙሉ ተጋልጧል። መፍትሔው ክትባት ነው፤ በ9 ወርና በ15 ወር። ስመዘግብ የክትባት ካርድ የምጠይቀው ለፎርማሊቲ አይደለም።

ሳኒታይዘር ሳሙናን አይተካም። ጭቃ ያለበት፣ ወጥ የነካ እጅ ላይ ብዙም አይሠራም። ውሃ በፈረቃ ነው ካላችሁ፣ ሮቶ አለ። ሮቶ ከሌለ ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካንና የታሰረ ሳሙና ሽንት ቤቱ በር ላይ አስቀምጡ። ክረምት መግቢያ ላይ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲመጣ ታመሰግኑኛላችሁ።

ኤች አይ ቪ በመቀመጫ፣ በምሳ ዕቃ፣ በጨዋታ አይተላለፍም። ይሄን ዛሬም መጻፍ ያለብኝ መሆኑ ያሳፍራል። ማን እንዳለበት ለሌላ ወላጅ አልናገርም፤ አትጠይቁኝ።

የመጨረሻው የአስተዳደሮች ነው። «መምህር በጉንፋን አይቀርም፣ ከቀረ ደሞዙ ይቆረጣል።» ስለዚህ መምህሩ ትኩሳቱን ይዞ ይገባል፣ ስድስት ክፍል ያዳርሳል፣ በሳምንቱ ግማሹ ተማሪ ይቀራል። የግል ትምህርት ቤት መምህራን፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ባልመጣ ሕመም ሲታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ ይከፈላል፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ከጤና ተቋም ማስረጃ አምጡ፣ ከቀራችሁም አሠሪው በሌላ መንገድ ካላወቀ በማግስቱ አሳውቁ። ማስረጃውን ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን ለራሳችሁ አስቀሩ፤ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ይጠፋል።