ሴይኮማርት፦ የሆካይዶ ሱቅ

ጃፓኖች ኮንቢኒ የሚሏቸው ከምግብ እስከ ባትሪ ሁሉን አጭቀው የሚሸጡ ሱቆች ሲነሱ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሰቨን ኢለቨንን ነው፣ በሰሜን ጃፓኗ ሆካይዶ ደሴት ላይ ግን የነገሰው ሴይኮማርት ነው። የመጀመሪያው ሱቅ ሳፖሮ ላይ የተከፈተው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሰቨን ኢለቨን ቶኪዮ ከመግባቱ 3 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሀሳቡን ያመጣው የመጠጥ ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሚሰራ ሰው ነበር፣ ደንበኞቹ የነበሩት ትንንሽ መጠጥ ሻጭ ሱቆች ሱፐርማርኬት ገበያቸውን ሊበላባቸው ስለሆነ በአሜሪካ ስታይል ይቀየሩ ብሎ ነው የተነሳው።

ሆካይዶ 83,000 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ ሆና ህዝቧ 5 ሚሊዮን ምናምን ነው፣ ክረምቷ ደግሞ በረዶ ብቻ። ትልልቆቹ ብራንዶች ሰው የበዛበት ቦታ ላይ ሲደራረቡ ሴይኮማርት ግን እንደ ሪሺሪና ሬቡን ያሉ ደሴቶች ድረስ ገባ። እንዴት አዋጣው ካላችሁ፣ ብዙውን ነገር ራሱ ይሰራዋል፣ የራሱ እርሻ አለው፣ ወተቱን ቶዮቶሚ ላይ ያሽጋል፣ አይስክሬም ያመርታል፣ ማከፋፈሉም በራሱ እጅ ነው። ሾሳንቤትሱ የምትባል 1,200 ሰው ገደማ ያላት መንደር ሱቅ አልባ ስትሆን በመንደሩ ጥያቄ በ2014 እዛም ከፍቷል።

በ1994 የተጀመረው ሆት ሼፍ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ያለ ኪችን ነው፣ ሩዙ እዛው ይበስላል፣ ዶሮው እዛው ይጠበሳል። ጥቅሙ በደንብ የታየው ሴፕቴምበር 6 ቀን 2018 ነው። ሌሊት ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መታና መብራት በመላው ሆካይዶ ድርግም አለ፣ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት ጨለማ ውስጥ ገባ። የሴይኮማርት ሰራተኞች ካሽ ሬጅስተሩን ከመኪና በሚስብ ኬብል አስነሱት፣ መብራት ቢጠፋም ጋዝ ባለበት ሱቅ ሩዝ ቀቅለው በጨው ብቻ ኦኒጊሪ (የሩዝ ድቡልቡል) እየጠቀለሉ ሸጡ፣ ከ1,100 ገደማ ሱቆች 95 ፐርሰንቱ ክፍት ነበሩ! ማስታወቂያ ተከፍሎበት እንዲህ አይነት ስም አይገኝም።

ድርጅቱ በ2016 ስሙን ሴኮማ አለው፣ ሱቆቹ ግን ያው ሴይኮማርት ናቸው። ከደሴቷ ውጪ ቶኪዮ አካባቢ ባሉት ኢባራኪና ሳይታማ ላይ ጥቂት ሱቆች አሉት። ብዙዎቹ ደግሞ እንደሌሎቹ ኮንቢኒዎች 24 ሰዓት አይሰሩም፣ መንደሩ ሁሉ ተኝቶ ለማን ብለው መብራት ያቃጥላሉ።